ሂውማን ካፒታል ኢንዴክስን ከ0.38 ወደ 0.45፦ በዞን የአምስት ዓመት ዕቅድ የሚገባ ግብ ነው?

ዞን_ፕላን ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ ረቂቅ ላይ ነን። ከላይ በወረደልን ቅጽ «የሰው ሀብት ልማት» በሚለው ርዕስ ሥር «የሰብአዊ ካፒታል ኢንዴክስን ከ0.38 ወደ 0.45 ማድረስ» የሚል ግብ አለ፤ ይህንኑ ለወረዳዎች ሸንሽነን እንድናወርድ ይጠበቃል። 0.38 የዓለም ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ያወጣው መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግልጽ አልሆነልኝም።

ቁጥሩ ከምን ከምን ይሰላል? 0.07 ለመጨመር ምን ያህል ሥራ ይጠይቃል? በጀቱ ውስን ስለሆነ የትኛው ላይ ቢውል ነው ቁጥሩን ፈቀቅ የሚያደርገው? ትምህርት ተጨማሪ ክፍል ይገንባ ይላል፣ ጤና መቀንጨር ይቅደም ይላል፣ ቴክኒክና ሙያ ደግሞ ማሽን ካልተገዛ ወዲያ አይሆንም ይላል። ሦስቱም እውነታቸውን ይመስለኛል።

ቀመረኛው፦

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው፤ ኤክሴል ላይ አንድ መስመር ነው። 0.38 ማለት ዛሬ የተወለደ ሕፃን፣ አሁን ያለው የትምህርትና የጤና ሁኔታ ባለበት ከቀጠለ፣ አድጎ ሥራ ሲይዝ የሚኖረው ምርታማነት ሙሉ ጤናና የተሟላ ትምህርት ቢያገኝ ኖሮ ከሚኖረው 38 በመቶው ብቻ ነው ማለት ነው። የሚመጣው ሦስት ቁጥሮች ተባዝተው ነው። አይደመሩም፤ ስለዚህ አንዱ ዝቅ ሲል ሌሎቹን ይዟቸው ይወርዳል።

የመጀመሪያው በሕይወት መቆየት ነው። ከ100 ሕፃናት 95ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ያልፋሉ፤ 0.95።

ሁለተኛው ትምህርት ነው፤ ጉዳቱ የበዛውም እዚህ ነው። አንድ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው 7.8 ዓመት ይማራል ተብሎ ይጠበቃል፤ ሙሉው ከቅድመ መደበኛ ጀምሮ 14 ዓመት ነው። ክፍል ውስጥ መቀመጥና መማር ግን ለየቅል ናቸው። የተማሪዎቻችን ውጤት ወደ ዓለም አቀፉ ሚዛን ሲቀየር 348 ነው፤ በዚህ ሚዛን 300 ዝቅተኛው፣ 625 ከፍተኛው ደረጃ ነው። 7.8 × 348 ÷ 625 = 4.34። ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ትምህርት የአራት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ዕውቀት አላስጨበጠም ማለት ነው። ከ14 የጎደለው 9.66 ነው። አንድ የትምህርት ዓመት ገቢን በ8 በመቶ ያሳድጋል ተብሎ ስለሚወሰድ 9.66 × 0.08 = 0.773 ይሆናል። ይህንን ነጌቲቭ አድርገህ ኤክስፖኔንሻል ፈንክሽኑ ውስጥ ስታስገባው 0.462 ይሰጥሃል።

ሦስተኛው ጤና ነው። ከ100 ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ ናቸው፤ 15 ዓመት ከሞላቸው ወጣቶች ደግሞ 60 ዓመት የሚደርሱት 79 በመቶ ናቸው፣ 21 በመቶ ይጎድላል። (0.65 × 0.21 + 0.35 × 0.37) ÷ 2 = 0.133፤ በተመሳሳይ መንገድ 0.875።

0.95 × 0.462 × 0.875 = 0.384። ይኸው 0.38።

አሁን አንድ አንዱን እየቀያየርክ እይ። በሕይወት የመቆየቱን 0.97 ብታደርገው 0.39 ላይ ትቆማለህ። መቀንጨርን ጨርሰህ ብታጠፋው፣ ዜሮ ብታደርገው፣ 0.41። የትምህርት ዓመቱን ሳትነካ ውጤቱን ከ348 ወደ 400 ብታወጣው 0.40። ውጤቱን ሳትነካ ዓመቱን ከ7.8 ወደ 10 ብታሳድገው 0.42። 0.45 የሚመጣው 10 ዓመትና 400 ነጥብ አብረው ሲገኙ ነው። ልብ በል፦ ልጆቹን ሰብስበህ ዓመቱን 10 ብታደርሰውና በክፍል መጨናነቅ ውጤቱ 300 ላይ ቢወርድብህ የምታገኘው 0.40 ነው። ከጠበቅከው ጭማሪ ሁለት ሦስተኛው ተበላ። «ክፍል እንሥራ» ለሚለው ወገን ይህን ስሌት አሳየው።

ለወረዳ መሸንሸኑ ግን አይሆንም። የፈተና ውጤትን ወደ 625 ሚዛን የሚቀይር ምዘና በዞን ደረጃ የለም። መቀንጨር የሚለካበት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ናሙናው የሚበቃው ለክልል ደረጃ ብቻ ነው። የአዋቂዎች ሞት ደግሞ በአምስት ዓመት የዞን ሥራ ተንቀሳቀሰ ብለህ የምትመሰክርለት አይደለም። ለወረዳ «ኢንዴክስህን በ0.01 አሳድግ» ብትለው በስድስተኛው ወር ሪፖርት ላይ 0.01 አሳድጎ ይልክልሃል፤ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አይጠይቅም።

ኢኮኖሚው ላይ ያለው ትርጉም፦ 1 ÷ 0.38 ወደ 2.6 ይጠጋል። ማለትም ሙሉ ጤናና ትምህርት ያለው ትውልድ ሥራ ላይ ቢሆን በአንድ ሠራተኛ የሚገኘው ምርት በረጅም ጊዜ 2.6 እጥፍ ይሆናል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ይፈጃል ብለህ ብታከፋፍለው በዓመት 1.9 በመቶ ተጨማሪ ዕድገት ነው። ይህ የሀገር ስሌት ነው፤ የዞን ዕቅድ ላይ አትለጥፈው።

ጉድኝት_ሱፐርቫይዘር፦

በትምህርቱ በኩል ልጨምር። 7.8ን የሚያሳድገው አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ይመስላል፤ ልጅ በብዛት የሚንጠባጠበው ግን 1ኛ ክፍል ላይ ነው። ምክንያቱ አይሰወርም። መስፈርቱ በክፍል 50 ቢሆንም 1ኛ ክፍል 80 እና 90 ይታጨቃል። ርዕሰ መምህሩ ጠንካራውን መምህር ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል ፈተና ያስቀምጠዋል፣ አዲስ ቅጥሩን 1ኛ ክፍል ይወረውረዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ሲመጣ ትምህርቱ የማይገባው የነበረው ልጅ በመጀመሪያ ይቀራል፣ አይመለስም።

ስለዚህ የመስከረም ምዝገባን መነሻ አታድርጉ። ሦስት ጊዜ ይቆጠር፦ መስከረም የተመዘገበ፣ የካቲት በአካል ክፍል ውስጥ የተገኘ፣ ሰኔ ፈተና የተቀመጠ። ለምሳሌ መስከረም 92 ተመዝግቦ ሰኔ 71 የተፈተነበት ክፍል 23 በመቶ አጥቷል፤ ዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ግን የሚሄደው 92 ነው። ለትምህርት ቤት የሚመጣው ድጎማ በተማሪ ቁጥር ስለሚሰላ ስም ለመሰረዝ የሚቸኩል ርዕሰ መምህር አይኖርም፤ የካቲት ላይ የሚቆጥረው ሰው ከሌላ ጉድኝት (የአጎራባች ት/ቤቶች ስብስብ) ይምጣ። ጥቅል ተሳትፎ (የተመዘገበው ሁሉ ለትምህርት ዕድሜ ከደረሰው ልጅ ብዛት ሲነጻጸር) 100 ከመቶ አልፎ ሲታይ ደስ የሚለው ኃላፊም አለ። 100 ያሳለፈው ዕድሜያቸው የገፋና የደገሙ ልጆች ስለገቡበት ነው፤ ኢንዴክሱ የሚወስደው ከደጋሚ የጠራውን ነው።

348ን በተመለከተ፣ በዞን አቅም ሊለካ የሚችል ምትክ አለ፦ የ2ኛ ወይም የ3ኛ ክፍል ንባብ። ውድ አይደለም። 12 ት/ቤት በዕጣ ይመረጥ፤ ከየት/ቤቱ 10 ሴት 10 ወንድ፣ በጠቅላላው 240 ልጅ። ሁለት መዛኝ ለአንድ ልጅ እስከ 15 ደቂቃ እየወሰዱ አንድን ት/ቤት በአንድ ጠዋት ይጨርሳሉ። የሚያስፈልገው የሰዓት ቆጣሪ ያለው ስልክ፣ ሦስት ገጽ ወረቀትና እርሳስ ነው።

የመጀመሪያው ገጽ 100 ፊደል ያለበት ገበታ ነው፤ ቅደም ተከተሉ የግድ መበተን አለበት። ብዙው ልጅ ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ ያንበለብለዋል። «ቂ»ን ለብቻዋ ስትጠቁመው ግን ጣቱን እያጠፈ ቀ፣ ቁ ብሎ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። 60 ሰከንድ ሲያልቅ ስድስት ሰባት ፊደል ላይ ነው። ይህ ልጅ በክፍል ምዘና «ፊደል ለይቷል» ተብሎ ተሞልቶለታል። ሁለተኛው ገጽ ተራ ቃላት፣ ሦስተኛው አጭር ምንባብ ነው፦ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል በትክክል አነበበ፣ ከዚያ አምስት የቃል ጥያቄ። ከአምስቱ አራቱን ከመለሰ አንብቦ ይረዳል በሉ። ዋናው ቁጥር ግን አንድም ቃል ማንበብ ያልቻሉት ልጆች ድርሻ ነው፤ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰውም እሱ ነው።

የሚበላሽበት መንገድ ይታወቃል። መምህሩ ጎበዞቹን መርጦ ያቀርባል፤ ስለዚህ ልጁ ከስም መዝገቡ በየስንተኛው ተቆጥሮ ይውጣ። ምንባቡ ከመማሪያ መጽሐፉ ከተወሰደ ልጁ በቃሉ ይወጣዋል። መዛኙ «እስቲ ደግመህ ሞክር» እያለ ሲያግዝ ቁጥሩ ያብጣል። ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ካለም ለብቻው ይመዝገብ፤ አማካዩን ይዞት ይወርዳል፣ መፍትሔውም የተለየ ነው።

ለምን ከዚህ እንጀምር እላለሁ? የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ከገባ ከ2014 ወዲህ 50 ከመቶና በላይ ያመጡትን እዩ፦ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ብዙው ክርክር 12ኛ ክፍል ላይ ነው የሚሽከረከረው። ጉድለቱ የተጠራቀመው ግን በዝቅተኞቹ ክፍሎች በፍሪ ፕሮሞሽን (ሳይወድቁ በቀጥታ) ሲያልፉ ነው። የሪሚዲያል (የማካካሻ) ትምህርት ለአንድ ተማሪ ምግብና መኝታ ጭምር ይጠይቃል፤ የ1ኛ ክፍልን ወንበርና መምህር ማስተካከል ከዚያ በእጅጉ ይረክሳል።

ስርዓተ_ምግብ፦

ቀመረኛው፣ ስሌትህ ልክ ነው፤ ግን መቀንጨርን ወደ ዜሮ ማውረድ 0.41 ብቻ ያመጣል ማለትህ አንባቢን ያሳስታል። ቀመሩ መቀንጨርን በጤናው ቅንፍ ውስጥ ብቻ ነው የሚቆጥረው። በመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት (ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት) የተጎዳ አእምሮ ትምህርት አይቀበልም፣ ዘግይቶ ይገባል፣ ይደግማል። 348 ውስጥም፣ 7.8 ውስጥም መቀንጨር አለበት።

ለዞን_ፕላን፦ ዕቅድህ ላይ ይህን ስታስገባ የምትሳሳትበት ቦታ ልኬቱ ነው። ጤና ኬላ በየወሩ ሕፃን ይመዝናል፤ ያ ክብደት ለዕድሜ ነው። የክንድ ዙሪያ ልኬት መክሳትን ነው የሚያሳየው። ሁለቱም መቀንጨር አይደሉም፤ በርካታ ሪፖርት ላይ ግን «መቀንጨር ቀነሰ» ተብሎ የሚጻፈው ከነዚህ ነው። መቀንጨር ቁመት ለዕድሜ ነው፤ ከዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ከ2 ስታንዳርድ ዴቪየሽን (ከመካከለኛው ቁመት የመራቅ መለኪያ) በታች የወደቀ ነው የሚቆጠረው።

ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ተኝቶ ነው የሚለካው፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ። በሁለቱ መካከል 0.7 ሴንቲሜትር ልዩነት አለ፤ ቀላቅላችሁ ከመዘገባችሁ ውጤቱ ይዛባል። ሰሌዳው ላይ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ጭንቅላቱን ከጫፉ ያስጠጋል፣ ሌላው ጉልበቱን ዘርግቶ የእግር ሰሌዳውን ይገፋል። ሁለት ጊዜ ይለካ።

ከቁመቱ የባሰው ዕድሜው ነው። እናት «ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው» ትላለች፣ መዝጋቢው 24 ወር ብሎ ይጽፋል። ተኝቶ 80.5 ሴንቲሜትር የሆነ ወንድ ልጅ እውነተኛ ዕድሜው 21 ወር ከሆነ አልቀነጨረም፣ ወሰኑ 79.4 ነውና። 24 ወር ተብሎ ከተጻፈ ወሰኑ 81.7 ይሆንና ቀንጭሯል ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ የክትባት ካርድ ከሌለ በአካባቢው ዘመን መቁጠሪያ ይጠየቅ፦ ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለጥምቀት ታቅፈሽው ወጥተሽ ነበር? ዝናቡ የቆመበት ወር ነው? የተሰበሰበው መረጃ ላይ 12 እና 24 ወር ከሌሎቹ ወራት ተለይተው ከተቆለሉ ዕድሜው በግምት ተሞልቷልና መልሱት።

ከመነሻው አንጻር፦ በሀገር ደረጃ መቀንጨር በ2000 እ.ኤ.አ. 58 በመቶ ነበር፣ በ2016 38 ደረሰ፣ በ2019 37። በ16 ዓመት 20 ነጥብ ማለት በዓመት ከአንድ ነጥብ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በሐምሌ 2007 የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ደግሞ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ዜሮ ይላል። ለአምስት ዓመት ዕቅድ 6 ወይም 7 ነጥብ መቀነስ ከታሪኩ ጋር ይሄዳል፤ 20 ነጥብ ብላችሁ ከጻፋችሁ ሪፖርቱ እንጂ ሕፃኑ አይለወጥም።

ሥራው ላይ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው ተጨማሪ ምግብ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ዳሰሳ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት በቂ ድግግሞሽና ስብጥር ያለው ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ችግሩ ሁልጊዜ እጦት አይደለም። ቤት ውስጥ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉ ገበያ ይወጣል። ገንፎው ቀጭን አጥሚት ይሆናል፤ ከማንኪያ ላይ የሚፈስ ከሆነ ሆድ ይሞላል እንጂ ኃይል አይሰጥም። በዐቢይ ጾም ደግሞ እናቲቱ ለሕፃኑ ወተት ወይም እንቁላል ለማዘጋጀት ዕቃው «ይፈስክብኛል» ብላ ትሰጋለች፣ 55 ቀን ሙሉ ለሕፃኑም ጾም ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም፤ ይህንን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይልቅ የንስሐ አባት ቢናገረው ይሰማል። ለሕፃኑ የተለየች ትንሽ ድስትና ማንኪያ መያዝ ቀሪውን ይፈታዋል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው የሥልጠናና የጉዞ ወጪ ነው፤ ካፒታል በጀት አያስነካም።

ደረጃ4_አሠልጣኝ፦

እህቴ ስርዓተ_ምግብ ያለችው አሳማኝ ነው። ሆኖም የሁላችሁም ስሌት ዛሬ ስለሚወለደው ልጅ ነው፤ እሱ ሥራ የሚፈልገው ዕቅዱ ካለቀ ከ13 ዓመት በኋላ ነው። በነዚህ አምስት ዓመታት የዞኑን ኢኮኖሚ የሚሸከመው አሁን 20 ዓመት የሆነው ነው። ከላይ የተጠቀሱትን የ12ኛ ክፍል ቁጥሮች ገልብጣችሁ አንብቧቸው፤ ከተፈታኙ ከ90 በመቶ በላይ ያለው ወዴት ነው የሚሄደው?

«ማሽን ይገዛ» የሚለው ጥያቄ ግን እኔም ብቻውን አልቀበለውም። የብየዳን ክፍል ውሰዱ። 25 ሠልጣኝ፣ 4 ብየዳ ማሽን፣ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ፣ 24 የማሽን ሰዓት ለ25 ሲካፈል ለአንድ ሰው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በዚያ ሰዓት ውስጥ ብረት ማስተካከሉና ጥቀርሻ መፈልፈሉ ተቀንሶ 15 ኤሌክትሮድ ያህል ይነድዳል፤ ለ25 ሰው 375። ባለ 2.5 ሚሊሜትሩ የ5 ኪሎ ፓኬት ውስጥ 250 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ፍሬ ነው ያለው። በቀን አንድ ፓኬት ከመንፈቅ ማለት ነው፣ ቁርጥራጭ ብረቱና መብራቱ ሳይቆጠር። ኮሌጁ ማሽኑን በካፒታል በጀት ያገኛል፤ ኤሌክትሮዱ ከሥራ ማስኬጃ ነው የሚወጣው፣ እሱን ደግሞ ደመወዝ ጨርሶታል። ስምንት ማሽን ብትገዙ ስምንቱም ቆመው ያድራሉ። ዕቅዱ ላይ የፍጆታ ዕቃ በሠልጣኝ ተሰልቶ ለብቻው መስመር ይኑረው።

ኮሌጁና ድርጅት በጋራ የሚሰጡት የትብብር ሥልጠና 70 ከመቶ ተግባር፣ 30 ከመቶ ንድፈ ሐሳብ ተብሎ ነው የተቀመጠው። ድርጅት ሠልጣኝ የማይቀበለው «ሲጎዳ ማን ይከፍላል» ብሎ ስለሚፈራና ማሽን ያበላሽብኛል ስለሚል ነው። የሚቀበለውም መጥረጊያ ያስይዘዋል። ውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ይግባ፦ የአደጋ ዋስትናውን ማን እንደሚሸፍን፣ በድርጅቱ በኩል ስሙ የተጻፈ አሠሪ ባለሙያ፣ በየሳምንቱ የሚፈረም የሥራ መዝገብ። መዝገቡ ላይ የሙያ ደረጃው ክፍሎች ተዘርዝረው የትኛው እንደተሠራ ካልተሞላ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ሲደርስ ሠልጣኙ ነክቶት የማያውቀው ሥራ ይሰጠዋል።

«ስንት አሠለጠንን» የሚለውንም መለኪያ አውጡት። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 መጨረሻ ተመርቆ ሥራ ሲጀምር በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኛዎቹ ሴቶች፣ ተመልምለውና ሠልጥነው ገብተዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፋብሪካዎቹ ትልቁ ራስ ምታት ግን ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ መልቀቁ ነበር፤ የጀማሪው ደመወዝ የቤት ኪራይና ምግብ ሲከፈልበት የሚተርፍ ነገር አልነበረውም። ሠራተኛ እጁ ሳይፈታ ሲለቅ የሥልጠና ወጪው አብሮት ይሄዳል፤ አሠሪውም ቀጥሎ ለሚመጣው ማውጣት ይሰለቸዋል። መለኪያው ከምረቃ በ6ኛውና በ12ኛው ወር በሙያው ሥራ ላይ ያለው ሠልጣኝ ብዛት ይሁን፣ ስልክ ተደውሎ የሚረጋገጥ።

ዞን_ፕላን፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ተብራራልኝ። እንግዲህ 0.45ን አውጥቼ በምትኩ የየካቲት ቆጠራን፣ አንድም ቃል የማያነቡ ልጆችን ድርሻ፣ ከሁለት ዓመት በታች መቀንጨርንና በ12ኛው ወር ሥራ ላይ ያሉ ተመራቂዎችን ላስገባ ነው። ቅጹ ላይ ግን የኢንዴክሱ ሳጥን ባዶ ሆኖ አይታለፍም። እዚያ ምን ልጻፍ?

ቀመረኛው፦

ሳጥኑ ውስጥ «በሀገር ደረጃ የሚለካ፤ ዞኑ የሚያበረክተው በሚከተሉት አራት አመላካቾች ነው» ብለህ ጻፍ፤ አራቱን ከሥሩ ደርድራቸው። ከየአንዳንዱ ጎን ማን፣ በየትኛው ወር፣ ከየትኛው በጀት እንደሚለካው ይግባ። ባለቤት የሌለው አመላካች በሁለተኛው ዓመት ይረሳል።

ስርዓተ_ምግብ፣ ትክክል ነሽ፤ ቀመሩ ተደራራቢውን አያይም። ደረጃ4_አሠልጣኝ ያነሳውም በ2020ው ሪፖርት ላይ መልስ አለው፦ ኢንዴክሱን ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ ውስጥ ሥራ ባለው ድርሻ የሚያባዛ ሁለተኛ ቁጥር አብሮ ወጥቷል። ችግሩ በገጠር ሁሉም እርሻ ላይ «ሥራ አለው» ተብሎ ስለሚቆጠር ቁጥሩ ብዙ አይቀንስም። ለዚህ ነው ሥራው ከሙያው ጋር ይገናኛል ወይ የሚለው ጥያቄ በስልክ ቅጹ ላይ መኖር ያለበት።

አንድ የቀረ ነገር፦ የንባቡን መነሻ ልኬት ግንቦት ላይ አድርጉት፣ በየዓመቱም በዚያው ወር። መነሻው መስከረም ከተለካና መጨረሻው ግንቦት ከሆነ ልጁ በክረምት የረሳው ሁሉ የዕቅዱ ውጤት መስሎ ይቆጠራል። የምትጎበኟቸውን 12 ት/ቤቶች ስም ደግሞ ለወረዳው አስቀድማችሁ አትላኩ።